ሮቶን የማያውቀው ሶፍትዌር

ጎረቤቴ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የማይዘነጓት አንድ ሥራ አለቻቸው። በሩን ይቆልፋሉ፣ ቴሌቪዥኑን ይነቅላሉ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለችውን የቦይለር ማብሪያ ቀጭ ያደርጋሉ። ልጃቸው ረስቶ ያሳደረው ቀን ጠዋት ላይ ጭቅጭቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። "ሌሊቱን ሙሉ ብር ሲበላ አደረ እኮ!"

ባለፈው ደረጃ ላይ ያዙኝ። "አንተ ስለ ሕንፃና ስለ መብራት ትጽፍ የለ? እስቲ ንገረው" አሉ። ልጁም ከኋላቸው ቆሞ ይስቃል። እሺ ብዬ ቤት ገብቼ አሰላሁት። ውጤቱ እሳቸውን አላስደሰተም። ልጁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1 ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይሄ ቁጥር አዲስ አበባም ሆነ ቶሮንቶ ያው ነው። የጎረቤቴ ቦይለር 80 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዷ ዲግሪ 93 ዋት ሰዓት ታስከፍላለች። ውኃው 60 ዲግሪ ነው እንበል፣ መታጠቢያ ቤቱ 20። በመካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት አለ። ከቆርቆሮው በታች ያለው ፎም የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሙቀት ያሾልካል። ለእንዲህ ዓይነት ታንከር በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 1.5 ዋት ይሾልካል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሲባዛ 60 ዋት ይሆናል። አንድ የድሮ አምፖል ማለት ነው፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚበራ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት፣ 8 ሰዓት አለ። በርቶ ካደረ 480 ዋት ሰዓት በላ። ግማሽ ዩኒት ገደማ (አንድ ዩኒት 1000 ዋት ሰዓት ነው)። እስከዚህ ድረስ ጎረቤቴ ልክ ናቸው።

አሁን አጥፉት። ውኃው ግን መጥፋቱን አያውቅም። ያው ትኩስ ነው፣ ሙቀቱም በፎሙ በኩል መሹለኩን ይቀጥላል። ንጋት ላይ 55 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ወደ 5 ዲግሪ ወርዷል፣ በዋት ሰዓት 450 ገደማ። ጠዋት ሲበራ ቦይለሩ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንኑ 450 መመለስ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ትርፍ 30 ዋት ሰዓት ብቻ ሆነ። አንዲት ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በሦስት ሰዓት የምትበላው።

"ታዲያ ማጥፋት ዋጋ የለውም?" አለኝ ልጁ፣ ዓይኑ እያበራ። ቆይ አልኩት። ዋናው ነገር መቼ ይጠፋል የሚለው ነው። ሙቀት የሚሾልከው በልዩነት ልክ ነው። ታንከሩ ትኩስ እንደሆነ ካጠፋኸው ትኩሱን ታቅፎ ያድራል፣ መሹለኩም ብዙ አይቀንስም። ጠዋት ሁለት ሰው ከታጠበ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ80 ሊትሩ 42ቱ ወጥቶ በ18 ዲግሪ ውኃ ቢተካ፣ የታንከሩ አማካይ ሙቀት ወደ 38 ይወርዳል። ያኔ ከጠፋ መሹለኩ ከ60 ዋት ወደ 27 ዋት ይወርዳል፣ ቀስ እያለም ይቀንሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጥፍቶ ሌሊት ለመንጋት ሲል ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማብራት በቀን 0.8 ዩኒት ገደማ ያተርፋል። በወር 24 ዩኒት ገደማ። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ እየጨመረ ባለበትና ብዙ የተጠቀመ በውዱ እርከን በሚከፍልበት ጊዜ ይሄ የሚናቅ አይደለም።

እንግዲህ ቤተሰቡ ትክክለኛውን ማብሪያ በተሳሳተ ሰዓት ሲነካ ነው የኖረው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የደረጃ ላይ ወሬ ለማውራት ብቻ አይደለም። አሁን የሠራሁት ሒሳብ፣ የሕንፃ ኃይል ሲሙሌሽን የሚባሉት ሶፍትዌሮች በየደቂቃው እየደጋገሙ የሚሠሩት ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ኢነርጂፕላስ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ በነፃ ይወርዳል። ትራንሲስ የሚባለው ደግሞ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለፀሐይ ማሞቂያ ጥናት ሲሠራ የቆየ ነው። ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የአየሩን ፋይል ያስገባል፣ ቦይለሩንም ይጨምራል። ሶፍትዌሩ ዓመቱን ሙሉ ያሂደውና "ይህ ቤት በዓመት ይህን ያህል ይበላል" ይላል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የቦይለር ዓይነት ይመረጣል፣ የጣሪያ ፀሐይ ማሞቂያ ያዋጣል አያዋጣም ይባላል፣ የሕንፃው ትራንስፎርመር መጠን ይወሰናል።

የፊዚክሱ ጉዳይ ብዙም አያሳስበኝም። እዚያ ላይ ጎበዞች ናቸው። ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ እሱን በራሳችሁ ገላ ላይ ታውቁታላችሁ።

ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ተራ በተራ ይታጠባል። የመጀመሪያው ትኩስ አገኘ። ሁለተኛውም ትኩስ አገኘ። ሦስተኛው ሳሙናውን ተቀብቶ እያለ ውኃው በድንገት በረዶ ሆነበት። ለምን ቀስ እያለ አልቀዘቀዘም? ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ስለሚገባ ነው። ትኩሱ ቀለል ስለሚል ከላይ ይንሳፈፋል፣ የሚወጣውም ከላይ ነው። ሁለቱ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይቀመጣሉ እንጂ ቶሎ አይቀላቀሉም። የቀዝቃዛው ድርብ የላይኛው ቧንቧ አፍ ጋ እስኪደርስ ማንም አያውቅም፤ ሲደርስ ጩኸት ነው።

ኢነርጂፕላስ ውስጥ ለታንከር ሁለት አማራጭ አለ። ቀላሉ ውኃውን ሁሉ አንድ ሙቀት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ እንደተማሰለ ሾርባ። ሁለተኛው ታንከሩን በድርብ በድርብ ይቆራርጠዋል። በቀላሉ ከሄዳችሁ፣ ከ60 ዲግሪው 80 ሊትር 40ውን ስታወጡ የሚወጣው ውኃ ወደ 43 ተኩል ዲግሪ ወርዷል ይላችኋል። በድርብ ያለው ግን ገና 60 አካባቢ ነው ይላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በመጀመሪያው ስሌት ባለ 80 ሊትሩ አይበቃምና 120 ሊትር ግዙ ሊባል ይችላል። በነገራችን ላይ በጎኑ ተጋድሞ የሚሰቀለው ቦይለር ላይ ድርቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይደባለቃል። ቦታ ለመቆጠብ ከመታጠቢያ ቤት በር በላይ አጋድሞ የሰቀለ ሰው ሊትሩ እኩል ሆኖ ለምን እንደሚያንሰው ይገረማል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

ሶፍትዌሩ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውኃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ለዚህ የታወቀ ቀመር አለ። የአካባቢውን የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ይወስድና 3 ዲግሪ ከምናምን ይጨምርበታል። ከዚያ ወቅቱን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ውኃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ስለሚመጣ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ የወራቱ ሙቀት ብዙ ስለማይራራቅ ቀመሩ ዓመቱን ሙሉ 19 ወይም 20 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ለጥ ያለ መስመር።

ግን የእኛ ውኃ ከመሬት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቦይለር ይመጣል እንዴ? ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መጥቶ ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ሮቶዋ ቀን ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሌሊት ደግሞ በጠራ ሰማይ ስር ብርድ ትጠጣለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውኃ ባለ 20 ዲግሪ ነው ብሎ የሚያምን እጁን ይንከርና ይይ።

በቁጥር እንየው። 40 ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ ልትታጠቡ ነው። ሶፍትዌሩ እንደሚለው በ19 ተኩል ከገባ፣ የሚሞቀው በ20 ዲግሪ ተኩል ነው። ንጋት ላይ በ12 ዲግሪ ከገባ ግን 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ከሲሶ በላይ ጭማሪ ነው። በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ፣ ሮቶዋ ፀሐይ ጠግባ ውኃው 24 ከደረሰ 16 ዲግሪ ብቻ ይቀራል። ንጋት 1.3 ዩኒት የሚበላው ሻወር ከሰዓት 0.74 ዩኒት ይበቃዋል ማለት ነው። ሰውየውም፣ ቦይለሩም፣ ሳሙናውም ያው ናቸው። ቀመሩ ይህን አያይም፣ ምክንያቱም የተሠራው ሮቶ ለሌለበት አገር ነው። ሶፍትዌሩ ግን ቀመሩን ትታችሁ የራሳችሁን ሙቀት በየሰዓቱ እንድታስገቡ ይፈቅዳል። ሰው አያስገባም እንጂ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የኖሩ እህቶቻችን የዚህን ነገር የተገላቢጦሽ በደንብ ያውቁታል። በበጋ የጣሪያው ታንከር ውኃ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ የሚያቃጥል ሆኖ ይወርዳል። ታዲያ ብልሃቱ ማሞቂያውን አጥፍቶ "የሙቅ" ቧንቧውን መክፈት ነው። ማሞቂያው ቤት ውስጥ፣ ኤሲ ባለበት ስለተቀመጠ በውስጡ ያደረው ውኃ ቀዝቅዟል። ቦይለሩ ማቀዝቀዣ ሆነ ማለት ነው! ይህን ሳይነግሩት በራሱ የሚገምት ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ምን ያህል ይጠቀማል የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሞቂያዎች የሚፈተኑት በተወሰነ የ24 ሰዓት አጠቃቀም ነው። መካከለኛ የሚባለው ቤት በቀን 55 ጋሎን ሙቅ ውኃ ይቀዳል ተብሎ ይያዛል። 208 ሊትር ነው። ገቢው ውኃ 14.4 ዲግሪ፣ ወጪው 51.7። ለእነሱ ዕቃ ማጠቢያው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ገንዳው ሁሉ ሙቅ ይጠጣልና ይሁን። ኮንደሚኒየም ውስጥ ግን ሳህን በቀዝቃዛ ይታጠባል፣ ልብስም እንደዚያው። ውኃ በሌለበት ቀን ሻወር የለም፤ በማንቆርቆሪያ ሞቅ ተደርጎ በባልዲ ነው። ውኃው በመጣ ዕለት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ይታጠባል። ይህ አማካይ የለውም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ጎርፍ። የ208 ሊትሩን ሰሌዳ እዚህ ላይ የለጠፈ መሐንዲስ የሌላ ሰው ቤት ነው የሳለው። በእንዲህ ያለ ቤት ውኃ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም የሚሾልከው ሙቀት ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ፎም ማወፈሩ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያዋጣል።

ከዚያ ቮልቴጁ አለ። የሬዚስታንስ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 መሆን የነበረበት ምሽት ላይ ወደ 180 ሲወርድ፣ ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ቢሆንም ጉልበቱ በሲሶ ይወርዳል። ባለ 1.5 ኪሎዋቱ ቦይለር ባለ 1 ኪሎዋት ይሆናል። ሁለት ሰው የታጠበበትን ለመመለስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ የነበረው 2 ሰዓት ይወስዳል። የሚበላው ዩኒት ብዙ አይለወጥም፤ ጊዜው ነው የሚረዝመው። ታንከር የሌለው ቀጥታ ማሞቂያ ላይ ግን ጣጣው ወዲያው ይታያል። ባለ 5.4 ኪሎዋቱ ውኃን ከ18 ወደ 40 ሲያደርስ በደቂቃ 3 ሊትር ተኩል ያህል ይሰጣል። ቀድሞውንም ቀጭን ናት። በ180 ቮልት ወደ 2.3 ሊትር ትወርዳለች። ያቺ ከሻወሩ ጠብ ጠብ የምትል ነገር መዓት አይደለችም፣ ካሬ ናት። ሶፍትዌሩ ውስጥ የማሞቂያው ጉልበት አንዴ ይጻፋል፣ ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም።

ስለ ቀጥታ ማሞቂያ ካነሣን፣ ሲሙሌሽኑ በሰዓት በሰዓት ከተሠራ ሌላ ጉድ አለ። 5 ደቂቃ በ5.4 ኪሎዋት መታጠብ 0.45 ዩኒት ነው። በሰዓት አማካይ ሲታይ 0.45 ኪሎዋት ይመስላል፤ ትንሽ ዕቃ በሉት። ትራንስፎርመሩ ግን የሚያየው 5.4ን ነው፣ ከምጣዱ በላይ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሥር ቤት አንድ ላይ ከከፈተው ብሬከሩ ይነግራችኋል። ለወር ሒሳብ የሰዓት ስሌት ይበቃል። ለመስመርና ለትራንስፎርመር ግን በደቂቃ ካልተሠራ ባይሠራ ይሻላል።

ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የራሳችሁ ጥያቄ አላችሁ። እስራኤል በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው የፀሐይ ማሞቂያ እንዲኖረው ደንግጋለች፤ እዚያ ያለ ወገናችን ጣሪያው ላይ ያለውን "ዱድ" የሚሉትን ቦይለር በኤሌክትሪክ መቼ ላግዘው እያለ ይከራከራል። መልሱ ከጎረቤቴ ጋር ያው ነው፦ ከመታጠባችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ እንጂ ሲነጋ አይደለም፤ ጠዋት ኤሌክትሪኩ ካሞቀው ፀሐይ ሥራ ፈታች። አሜሪካ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ በተለመደው የቤት መጠን ያሉ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ታንከሮች ከ2029 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሂት ፓምፕ እንዲሆኑ የሚገፋ መስፈርት ተቀምጧል። ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከአየር ቀድቶ ወደ ውኃ ይወስዳል፤ አንድ ዩኒት በልቶ ሁለት ሦስት ዩኒት ሙቀት ይሰጣል። ከየትኛው አየር ቀዳ የሚለው ነው ወሳኙ። ዱባይ ውስጥ ቤቱን እያቀዘቀዘ ውኃ ያሞቃል፣ ስጦታ ነው። ሚኒሶታ ምድር ቤት ውስጥ ክረምት ላይ ግን የሚቀዳው የቤቱ ማሞቂያ ያሞቀውን አየር ነው። ቦይለሩን ከቤቱ ነጥሎ የሚያሰላ ሲሙሌሽን ይህን ብድር አይቆጥረውም።

የራሳችሁን ቤት መለካት ከፈለጋችሁ ካርድ ቆጣሪ ይበቃል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ሌሊት ሌላውን ሁሉ ነቅሎ ማታና ጠዋት ቆጣሪውን ማንበብ ነበር። አይሠራም። ቴርሞስታቱ ውኃው ጥቂት ዲግሪ እስኪወርድ አይነሣም። 6 ዲግሪ ጠብቆ የሚነሣ ከሆነ አንዴ ሲነሣ 560 ዋት ሰዓት ይወስዳል። የሌሊቱ መሹለክ 480 ነው። ስለዚህ አንዱን ሌሊት ምንም አልበላም፣ ሌላውን ደግሞ ከግማሽ ዩኒት በላይ በላ ይላችኋል። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ፍሪጁን ባዶ አድርጋችሁ ንቀሉ፣ ቦይለሩን ብቻ ለሦስት ቀን ተዉት። የቆጠረውን ዩኒት በ1000 አባዝቶ በ72 ሰዓት ማካፈል ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውንም ቁጥር ጻፉ። የምታገኙት ዋት በ40 ሲካፈል ያቺ 1.5 ያልኳት ቁጥር የእናንተ ቤት ስሪት ትሆናለች። ካታሎግ ላይ ካለው ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ፤ ያልተሸፈነ ቧንቧ ሙቀት ሲያፈስ ካታሎጉ አያይም።

ሙቀቱን ዝቅ ላድርገው የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከ60 ወደ 50 ማውረድ የሚሾልከውን በሩብ ይቀንሳል። ነገር ግን ሊጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚመቸው ሞቅ ያለ፣ የቆመ ውኃ ነው፤ 60 ላይ ማስቀመጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። እኔ ያተርፋል ያልኩት ዘዴ ራሱ ታንከሩን ቀኑን ሙሉ 38 ዲግሪ ላይ ያውለዋል። ስለዚህ ከመታጠብ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን 60 እስኪደርስ ይብራ። የኃይል ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ዋት ሰዓት ነው፤ ባክቴሪያ የሚባል መስመር የለውም።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ጎረቤቴ ተመለስኩ። ጠዋት ከታጠቡ በኋላ እንዲያጠፉ፣ ማታ ግን ብዙም እንደማያተርፉ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። "30 ዋት ሰዓት ብቻ?" አሉ። አዎ አልኩ። "ይሁና" አሉ፣ "እኔ እኮ ለብሩ ብቻ አይደለም። ይሄ ቤት መሬት የሚሉት ሽቦ አልገባለትም። ልጆቹ ሲታጠቡ እንዳይነዝራቸው ነው አጥፍተው ይግቡ የምለው። ሌሊት ደግሞ ተቃጥሎ ቢያድር ማን ያየዋል?"

መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ የራሴን ቦይለር ከፍቼ የምድር ሽቦው የት እንደታሰረ አየሁ። አልታሰረም ነበር።